ከዙሪያችን እንዳይበተኑ
ቁጣን ስለ መግታትና በሥራ ቦታ በሰላም አብሮ ስለ መሥራት
(በሬዲዮ ዝግጅታችን ከቀረበው ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። የአላህ ሶላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



ዛሬ የምንነጋገረው ሁላችንም ስለምናውቀው፣ ነገር ግን በየመድረኩ እምብዛም ስለማናነሳው ጉዳይ ነው፤ በሥራ ቦታ ስለሚነሳ ቁጣ። ስለ ቁጣ ሲነገር ብዙውን ጊዜ ወደ ሐሳባችን የሚመጡት ባልና ሚስት፣ ወላጅና ልጅ ወይም ጎረቤታሞች ናቸው። ይሁን እንጂ በአገራችን ሕግ መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን እስከ 8፣ በሳምንት እስከ 48 ሰዓት ነው። ብዙዎቻችን ነቅተን ከምናሳልፈው ጊዜ ከቤተሰባችን ይልቅ ከሥራ ባልደረቦቻችን ጋር የምናሳልፈው ይበልጣል ማለት ነው። ጓደኛን መርጠን እንይዛለን፤ የሥራ ባልደረባን ግን አንመርጥም። ጠባያቸው፣ እድሜያቸው፣ እምነታቸውና አስተዳደጋቸው የተለያየ ሰዎች አንድ ክፍል፣ አንድ መጋዘን ወይም አንድ ወጥ ቤት ውስጥ ይሰባሰባሉ። እንግዲያው አኽላቃችን በየቀኑ የሚፈተነው እዚያ ነው።

ቁጣ ምንድን ነው?

አላህ (ሱ.ወ) ቁጣን በሰው ውስጥ የፈጠረው ያለ ጥበብ አይደለም። ሰው በቁጣው ራሱን፣ ቤተሰቡንና ሐቁን ይከላከላል። ኢማም አል-ገዛሊ (ረሒመሁላህ) ኢሕያእ ዑሉሙዲን በተሰኘው ታላቅ ሥራቸው ሰዎች በቁጣ ረገድ በሦስት ደረጃ እንደሚከፈሉ ያስረዳሉ። የመጀመሪያው ከነጭራሹ የማይቆጣ፣ ግፍ ሲፈጸም እያየ ስሜት የማይሰጠው ነው፤ ይህ ጉድለት ነው። ሁለተኛው ቁጣው አእምሮውንና ዲኑን አሸንፎ የሚነዳው ነው፤ ይህም ጥፋት ነው። ሦስተኛው ቁጣው በአእምሮውና በሸሪዓው ትእዛዝ ሥር የሆነ፣ ተነስ ሲሉት የሚነሳ፣ ተቀመጥ ሲሉት የሚቀመጥ ነው። የሚፈለገው ይህ ነው።

አንድ ሰው ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጥቶ ምክር በጠየቀ ጊዜ እንዳይቆጣ መከሩት። ደጋግሞ ጠየቀ፤ እርሳቸውም ያንኑ ደጋግመው መለሱለት። ሐዲሡን ቡኻሪ ዘግበውታል። ዑለማዎች ሲያብራሩት፣ አንድም ቁጣን ከሚቀሰቅሱ ነገሮች ራቅ፣ አንድም ቁጣው ሲመጣ የሚያዝህን አትፈጽም ማለት ነው ይላሉ። ስሜቱ ሊመጣ ይችላል። የምንጠየቀው ስሜቱ ከመጣ በኋላ ምላሳችንና እጃችን ስላደረጉት ነገር ነው።

አንድ ዳቦ ቤት እናስብ

ጉዳዩን ለመረዳት እንዲያመቸን አንድ ዳቦ ቤት እናስብ። ሊጥ የሚያቦካው ሠራተኛ ሥራ የሚጀምረው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ጋጋሪው ምድጃው ፊት ቆሞ ያድራል። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ደንበኞች በሩ ላይ ይሰለፋሉ። አንድ ቀን አንድ ሙሉ ዙር ዳቦ አረረ። ባለቤቱ ገባ፤ ኪሳራውን አየ፤ ደሙ ፈላ። በምትሸጠው ልጅና በተሰለፈው ሰው ፊት ጋጋሪውን «አንተ ደደብ፣ ልታከስረኝ ነው ወይ የመጣኸው!» ብሎ ጮኸበት።

አሁን ምን እንደሚከተል እንመልከት። የምድጃው ሙቀት መቆጣጠሪያ በትክክል መሥራት ካቆመ ሦስት ቀን ሆኖታል። ጋጋሪው ይህንኑ ለባለቤቱ ሊነግረው አስቦ ነበር። ከጩኸቱ በኋላ ግን ዝም አለ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ልቡ የሚያስበው ስለ ዳቦው ሳይሆን በሰው ፊት ስለተዋረደው ክብሩ ነው። ትንሽ ቆይቶ ቁጣውን በአቡኪው ላይ አወረደው። አቡኪው ደግሞ ዱቄት በሚሸከመው ልጅ ላይ ጮኸ። ቁጣ እንደ ውሃ ነው፤ ወደ ዝቅታው ይፈሳል። ሁልጊዜም የሚያርፈው መመለስ በማይችለው ሰው ላይ ነው።

በሳምንቱ አቡኪው ሊጡ ላይ ጨው መጨመሩን ረሳ። ትዝ ሲለው ሊጡ ገና ወደ ምድጃ አልገባም ነበር፤ ቢናገር በቀላሉ ይስተካከል ነበር። ነገር ግን ቢናገር ምን እንደሚደርስበት ያውቃል፤ ስለዚህ አልተናገረም። ያ ጨው የሌለው ዳቦ ለሰፈሩ ሁሉ ተሸጠ፤ ደንበኛም ቀረ።

ወንድሞችና እህቶች፣ ብዙ ኃላፊዎች «ካልጮኹባቸው አይሠሩም» ይላሉ። ጩኸት ለጊዜው እግርን ያፈጥን ይሆናል። የማይካደው ግን ሰው የሚጮህበትን አለቃ እውነቱን እንደማይነግረው ነው። ቁጣ ስህተትን አይቀንስም፤ ይደብቀዋል። የተደበቀ ስህተት በዳቦ ቤት ኪሳራ ነው። በጋራዥ ፍሬኑ በትክክል ያልተጠገነ መኪና ነው። በሆስፒታል ደግሞ በስህተት የተሰጠ መድኃኒት፣ ማለትም የሰው ሕይወት ነው።

የኡሑድ ትምህርት

በሥራ ላይ የሚፈጸም ስህተትን በተመለከተ ከኡሑድ ዘመቻ የበለጠ ትምህርት የት እናገኛለን? ዘመቻው የተካሄደው ከሂጅራ በኋላ በ3ኛው ዓመት፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ625 ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከዘመቻው በፊት ባልደረቦቻቸውን አማከሩ። የእርሳቸው ዝንባሌ መዲና ውስጥ ሆኖ መከላከል ነበር፤ ብዙዎቹ ግን መውጣትን ስለመረጡ ወጡ። 50 ቀስተኞችን በዐብዱላህ ኢብኑ ጁበይር (ረ.ዐ) መሪነት ኮረብታ ላይ አቆሟቸው፤ ድልም ሆነ ሽንፈት ቢያዩ ቦታቸውን እንዳይለቁ አጥብቀው አዘዟቸው። ድል የቀረበ በመሰለ ጊዜ አብዛኞቹ ቀስተኞች ለምርኮ ብለው ወረዱ። በዚያን ጊዜ ገና ያልሰለሙት ኻሊድ ኢብኑል ወሊድ ክፍተቱን አይተው በፈረሰኞች ከኋላ መጡ። 70 ያህል ሶሐቦች ሸሂድ ሆኑ፤ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አጎት ሐምዛ (ረ.ዐ) ከእነርሱ አንዱ ነበሩ። የነቢዩም ፊት ቆሰለ፤ ጥርሳቸው ተሰበረ።

ይህን ከእኛ ሥራ ቦታ ጋር እናነጻጽረው። ግልጽ ትእዛዝ ተሰጥቶ ነበር፤ ትእዛዙ ተጣሰ፤ ዋጋውም ከባድ ሆነ። ከዚህ በላይ የሚያስቆጣ ጥፋት ይኖራል? በዚህ ጉዳይ የወረደው የሱረቱ ኣሊ ዒምራን 159ኛ አንቀጽ ግን ነቢዩ ለባልደረቦቻቸው የለዘቡት በአላህ እዝነት መሆኑን ይናገራል። ቃለ መጥፎና ልበ ደረቅ ቢሆኑ ኖሮ ሰዎቹ ከዙሪያቸው ይበተኑ እንደነበርም ያስረዳል። ከዚያም ይቅር እንዲሏቸው፣ ምሕረት እንዲለምኑላቸውና በጉዳዮች እንዲያማክሯቸው ያዛቸዋል።

ሦስቱን ትእዛዞች በሚገባ እናስተውል። ይቅርታው ያለፈውን ይዘጋል። ኢስቲግፋሩ በልብ ውስጥ የቀረውን ቅሬታ ያጥባል፤ ለምትቆጣው ሰው ዱዓእ እያደረግህ በዚያው ልብ ልትጠላው አትችልምና። ሦስተኛው ደግሞ እጅግ የሚያስደንቅ ነው። ወደ ኡሑድ የተወጣው በምክክር ነበር፤ መጨረሻውም እንደዚያ ሆነ። የእኛ አለቃ ቢሆን «ከእንግዲህ ማንንም አልጠይቅም» ይል ነበር። አላህ ግን አማክራቸው አለ። የተሳሳተ ሰው ከምክክር ከተገለለ በአካል ቢኖርም በልቡ ተበትኗል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንዳይዘነጋ። ልዝብነት ጥፋቱን መሸፈን አልነበረም። በዚያው ምዕራፍ በ152ኛው አንቀጽ ትእዛዙ መጣሱና በመካከላቸው ጭቅጭቅ መነሳቱ በግልጽ ተነግሯል። ስህተቱ በስሙ ተጠራ፤ የተሳሳቱት ሰዎች ግን አልተሰበሩም።

10 ዓመት ያገለገሉት ልጅ

አነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ) ገና በልጅነታቸው ጀምረው ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) 10 ዓመት ያህል አገልግለዋል። በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድም ቀን «ኡፍ» እንዳላሏቸው፣ ስላደረጉት ነገር ለምን አደረግህ፣ ስላላደረጉትም ለምን ተውክ ብለው እንዳልወቀሷቸው ራሳቸው መስክረዋል። በሙስሊም ዘገባ እንደተነገረው፣ አንድ ቀን ሲላኩ መንገድ ላይ ከሚጫወቱ ልጆች ጋር ቆሙ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከኋላቸው መጥተው አንገታቸውን ያዝ አደረጉ። ዘወር ሲሉ ነቢዩ እየሳቁ ነበር፤ በቁልምጫ ስም ጠርተውም ወደተላኩበት ሄደው እንደሆነ ጠየቋቸው። አነስም እሺ፣ አሁን እሄዳለሁ ብለው ሄዱ።

እኛ ሱቅ ውስጥ የሚላላኩ ልጆች አሉን፤ ቤት ውስጥ የሚያግዙን ልጆች አሉን። ሲዘገዩ የምናደርገው ምንድን ነው? ይህን ጥያቄ እያንዳንዱ ቤተሰብ ለራሱ ይመልሰው።

ቁጣ ሲመጣ ምን እናድርግ?

ሱናው ለቁጣ የሚሰጠው መድኃኒት ተግባራዊ ነው። ቁጣ በደም፣ በትንፋሽና በጡንቻ የሚገለጽ በመሆኑ ከመድኃኒቶቹ አብዛኞቹ ምላስንና አካልን የሚመለከቱ ናቸው።

አንደኛ፣ ከሸይጧን በአላህ መጠበቅ ነው። ሁለት ሰዎች ሲሰዳደቡ የአንደኛው ፊት በቀላ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የጠቆሙት ይህንን ቃል ነው።

ሁለተኛ፣ ዝም ማለት ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ አባቶቻችን። ዝም ያላለ ሰው በኋላ የሚጠግነው ነገር ይበዛበታል።

ሦስተኛ፣ ሁኔታን መለወጥ ነው። የቆመ ይቀመጥ፤ ካልበረደለት ጋደም ይበል ተብሏል። ቢሮ ውስጥ መጋደም ባይቻል መቀመጥ ይቻላል፤ ከክፍሉ ወጣ ብሎ መመለስ ይቻላል። በውዱእ የተነገረው ሐዲሥ ሰነዱ ላይ የሐዲሥ ሊቃውንት የተለያየ አስተያየት ቢኖራቸውም፣ ፊትንና እጅን በቀዝቃዛ ውሃ መታጠብ ሰውን እንደሚያረጋጋ የሞከረ ሁሉ ያውቀዋል።

አራተኛ፣ በቁጣ ላይ ሆኖ አለመወሰን ነው። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲሥ ዳኛ ተቆጥቶ ሳለ በሁለት ሰዎች መካከል እንዳይፈርድ ተከልክሏል። የፊቅህ ዑለማዎች ከዚህ ተነስተው ከባድ ረሃብ፣ ጥማት፣ እንቅልፍና ሽንት መያዝም ሐሳብን ስለሚበትኑ በዚያ ሁኔታ መፍረድ እንደማይገባ አስተምረዋል። የክፍል ኃላፊ በሠራተኞቹ መካከል ዳኛ ነው። ደመወዝ የሚቀጣ፣ ማስጠንቀቂያ የሚጽፍ፣ ከሥራ የሚያሰናብት እጅ ቁጣው እስኪበርድ ብዕር አይንካ። ደብዳቤው ለነገ ቢያድር ምን ይጎዳል? በስልክ የሚላክ መልእክትም ከዚህ ተለይቶ አይታይም፤ በቡድን ገጽ ላይ የተጻፈን ስድብ ሃያ ሰው ያነበዋል።

አምስተኛ፣ እርማት ለብቻ ይሁን። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በሰዎች ፊት ማረም ባስፈለጋቸው ጊዜ ብዙውን ጊዜ ስም ሳይጠሩ፣ እንዲህ የሚያደርጉ ሰዎች ምን ነካቸው በሚል መንገድ ይናገሩ ነበር።

አጠገብ የቆመው ሰው

ሁለት ሰዎች ሲጋጩ ሦስተኛው ምን ያደርጋል? አንዳንዱ ይስቃል፤ አንዳንዱ በስልኩ ይቀርጻል፤ አንዳንዱም «እንዴት ዝም ትለዋለህ!» ብሎ እሳቱ ላይ ጋዝ ያርከፈክፋል።

በዑመር (ረ.ዐ) የኸሊፋነት ዘመን ዑየይና ኢብኑ ሒስን የተባለ ሰው ገብቶ በቂ አትሰጠንም፣ በፍትሕም አትፈርድም የሚል ከባድ ንግግር ተናገራቸው። ዑመር ሊመቱት እስኪቃረቡ ተቆጡ። በዚያ የነበሩት የዑየይና የወንድም ልጅ አል-ሑር ኢብኑ ቀይስ ይቅርታን ስለ መያዝና መሃይማንን ስለ መተው የሚያዘውን የሱረቱል አዕራፍ 199ኛ አንቀጽ አነበቡላቸው፤ ይህ ሰውም ከእነዚያ አንዱ ነው አሏቸው። ዑመር ከአንቀጹ አንዲት እርምጃ አላለፉም። ቡኻሪ ዘግበውታል። ኸሊፋውን ያበረደ አንድ አጠገባቸው የነበረ ሰው ነው። በየሥራ ቦታችን እንደ አል-ሑር ያለ አንድ ሰው ቢኖር ስንት ጠብ በአጭሩ በቀረ ነበር!

«ጾመኛ ነኝ»

በረመዳን አንድ የሚያሳዝን ነገር ይታያል። አንዳንዱ ወንድም ከሰዓት በኋላ ፊቱን አጨፍግጎ «ጾም ላይ ነኝ፤ አትድረሱብኝ» ይላል። ሙስሊም ያልሆኑ ባልደረቦቻችንም «ረመዳን ስለሆነ እንዳትነካው» ይባባላሉ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ያስተማሩት የዚህን ተቃራኒ ነው። ጾመኛ ሰው ቢሰድበው ወይም ቢጣላው ጾመኛ ነኝ እንዲል የታዘዘው ላለመመለስ ነው። ቃሉ የገዛ ራስን ማሰሪያ ነው፤ ሌላውን ማስፈራሪያ አይደለም። አብረውን የሚሠሩ ክርስቲያኖች ቁርኣንን ላያነቡ ይችላሉ፤ እኛን ግን በየቀኑ ያነቡናል።

ለተበዳዩ

ከአለቃው ቁጣ በታች ለሚሠራው ወንድምና እህትም አንድ ቃል አለን። ሶብር አድርግ ማለት ግፍን ተቀበል ማለት አይደለም። ደመወዝህ ከተያዘ፣ ከአቅምህ በላይ ከተጫነብህ፣ ከተሰደብክ ሐቅህን መጠየቅ ትችላለህ። የምትጠይቀው ግን ሰውዬው ከበረደ፣ አንተም ከበረድክ በኋላ፣ የሆነውን ቀኑን ጠቅሰህ በመጻፍና በመረጋጋት ይሁን። በጩኸት የተጠየቀ ሐቅ ብዙ ጊዜ በጩኸቱ ምክንያት ይጠፋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ቦታ አምባጓሮ ማንሳትን፣ እንደ ጥፋቱ ክብደት፣ ያለ ማስጠንቀቂያ ውል ከሚያቋርጡ ምክንያቶች ውስጥ አስፍሮታል። የተበደለው ሰው በአንዲት ቡጢ በዳይ ሆኖ ይወጣል፤ እንጀራውም ይቀራል።

ቁጣን ውጦ ቂም ማድረግም መፍትሔ አይደለም። ሙስሊም ወንድሙን ከሦስት ቀን በላይ ማኩረፍ አይፈቀድለትም። ነገር ግን አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ለወራት ሰላምታ የማይለዋወጡ፣ ፋይል እንኳ በሦስተኛ ሰው የሚላላኩ ሰዎች አሉ። ከዚያም ዙህር ላይ በአንድ ሶፍ ይቆማሉ! ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት የሚለው የአገራችን ተረት ለእነዚህ የተነገረ ይመስላል።

ሐቁን ሳንመልስ እንዳንሞት

በመጨረሻም ከሁሉ የከበደው ይህ ነው። በእኛና በአላህ መካከል ያለ ወንጀል በተውበት ይማራል። የሰው ሐቅ ግን ባለቤቱ አውፍ ካላለ ይቀራል። በሙስሊም ዘገባ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የኡመታቸውን እውነተኛ ከሳሪ ሲገልጹ፣ ሶላት፣ ጾምና ዘካ ይዞ የሚመጣ፣ ነገር ግን ይህንን ሰድቦ፣ ያንን ስሙን አጥፍቶ፣ ሌላውን መትቶ የመጣ ሰው እንደሆነ ነግረውናል። መልካም ሥራው ለተበዳዮቹ ይከፋፈላል፤ ሲያልቅበት የእነርሱ ወንጀል በእርሱ ላይ ይጫናል። ያ የዳቦ ቤት ባለቤት ዳቦ ከሰረብኝ ብሎ ጮኸ። ትልቁ ኪሳራ ግን የጀመረው በጩኸቱ ነው።

አቡ ዘር (ረ.ዐ) አንድን ሰው በእናቱ አነወሩት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ይህ በእርሳቸው ውስጥ የቀረ የጃሂሊያ ጠባይ መሆኑን ነገሯቸው። ከሥር ያሉ አገልጋዮች ወንድሞች መሆናቸውን፣ ከሚበላው እንዲበሉ፣ ከሚለበሰው እንዲለብሱ፣ ከአቅም በላይ እንዳይታዘዙ፣ ከታዘዙም እንዲታገዙ አስተማሯቸው። ከዓመታት በኋላ ረበዛ በተባለ ቦታ ያገኟቸው ሰው አቡ ዘርና አገልጋያቸው አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው አዩዋቸው። ጸጸታቸው በልብሳቸው ላይ ይታይ ነበር።

ስለዚህ በሰው ፊት የሰደብነውን ሰው ለብቻው ጠርተን በሹክሹክታ ይቅርታ ብንለው የተሟላ አይሆንም። ክብሩ የተነካው ሰው ባለበት ነውና ይቅርታውም እነዚያው ሰዎች በሰሙበት ይሁን። «ትናንት የተናገርኩህ ቃል ተገቢ አልነበረም፤ አውፍ በለኝ» ማለት አለቅነትን አይቀንስም። በቡኻሪና ሙስሊም ዘገባ ጠንካራ ሰው ማለት ታግሎ የሚጥል ሳይሆን ሲቆጣ ነፍሱን የሚገዛ መሆኑ ተነግሮናል።

ቤት ስንገባም ደጃፉ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። በአለቃ የተቀሰቀሰው ቁጣ በሚስትና በልጆች ላይ እንዳይፈስ ቢስሚላህ ብለን፣ ሰላምታ ሰጥተን እንግባ።

አላህ (ሱ.ወ) ቁጣቸውን ከሚገቱት፣ ሰዎችንም ይቅር ከሚሉት ባሮቹ ያድርገን። በቃላችን የሰበርናቸውን ሰዎች በሕይወት ሳለን አግኝተን አውፍ እንድንባባል ይወፍቀን። በየሥራ ቦታችን በረካና መተዛዘንን ያኑርልን። ኣሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።